የአማቴን ጋያ ስለኩስ

ልጆቹ ይንገሩን ብለው ከያዙኝ ሳምንት ሆናቸው። ነገሩን የቀሰቀሰው ቤቴል ያለው ክሊኒክ ነው። ጉንፋን አልለቅ ብሎኝ የልጅ ልጄ ሜሮን በታክሲ ወሰደችኝ። ጢሙ ገና በወጉ ያልወጣ ሐኪም፣ ያንን በረዶ የመሰለ ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ እያኖረ "ይተንፍሱ፣ አሁንም ይተንፍሱ" ሲለኝ ቆየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና "ሲጋራ አጭሰው አያውቁም አይደል፣ እማማ?" አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ እጁ መጻፍ ጀምሯል።

"ሲጋራስ አላውቅም" አልኩት። "ጋያ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አጭሻለሁ።"

እጁ ቆመ። ሜሮን ከስልኳ ቀና አለች። እሷና እናቷ ጴንጤ ናቸው፤ በቤታቸው እንኳን ትምባሆ ጠላም አይገባ።

"ማቆሙ አላስቸገረዎትም?" አለኝ ሐኪሙ።

"ማጨሴን ያወቅሁት ካቆምኩ በኋላ ነው።"

እውነቴን ነበር፤ እሱ ግን አርጅታ ዘባረቀች ብሎ ይሆናል ሜሮንን አየት አደረጋት። ታክሲ ውስጥ እንደገባን ሜሮን "እማማ፣ ቀልድዎን ነው አይደል?" አለችኝ። እሑድ ዕለት ከጸሎት ሲመለሱ ታናናሾቿን ሰብስባ መጣችና ከበቡኝ። ከመጀመሪያው ይንገሩን አሉ። እንግዲህ ከመጀመሪያው።

ኮልፌ ሙሽራ ሆኜ ስገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ናት እንዲያ ያለችኝ፣ ሌላ ማስረጃ የለኝም። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ ደጋ ነው። በእኛ አገር ትምባሆ ትልቅ ነውር ነው። ቄሳችን ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይሉን ስለነበር፣ አጫሽ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ እንኳ አንቀመጥም ነበር።

ባለቤቴ ግርማ አናጢ ነበር። አባቱ አባባ ቱፋ አጠና ተራ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሸጡ ነበር። ቤታችን ከአጠና ተራው ጀርባ ቁልቁል ወረድ ብሎ ነው። ያኔ ኮልፌ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ጫካ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ በቆመበት ቦታ እኛ ጎመን እንዘራ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ሽታ ከልብሳችን አይወጣም። እኔ ግን ጥቂት ቆይቼ ያ ሽታ ከሰፈሩ የጠፋ መሰለኝ። ለካ የጠፋው የእኔ አፍንጫ ኖሯል። ወደሱ እመለሳለሁ።

አባባ ቱፋ ጋያ ያጨሳሉ። ላላያችሁት፣ ጋያ ማለት ሆዱ ውስጥ ውሃ ያለበት ቅል ነው። አናቱ ላይ ትምባሆ የሚጠቀጠቅበት ሸክላ አለው፣ በጎኑ ደግሞ የሚሳብበት ሸምበቆ። ሲሳብ ውሃው ውስጥ ውስጡን ይንቆረቆራል። በዚያ ቤት ጋያ የምትለኩሰው ሴት ነበረች። ሰውየው ደጅ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እሳት ያለው ማድ ቤት ነው፣ እሳት ዳር ያለችው ሴቲቱ ናት። ትምባሆውን ትጠቀጥቃለች፣ ፍም በጉጠት አንስታ ታኖርበታለች፣ እስኪያያዝ ሸምበቆውን ትስባለች፣ ከዚያ ወስዳ ትሰጣለች። ይህን ማጨስ ነው የሚል ሰው አልነበረም። መለኮስ ነው። ወጥ የምታማስል ሴት ጨው ስትቀምስ በላች አይባልም አይደል፣ እንደዚያ።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አማቴ እትዬ ብርቄ ቅሉን አምጥተው አስያዙኝ። "እኔ ሃያ ዓመት ለኩሻለሁ" አሉኝ። "ጥርሴም አለቀ፣ ጉንጬም አልስብ አለ። ከእንግዲህ ተራው የአንቺ ነው።" የአርዮስን መቃብር አሰብኩ። ግን ሙሽራ በሁለተኛ ሳምንቷ እምቢ የሚባል ቃል የላትም። ሳብኩ። ዓይኔ እስኪጠፋ አሳለኝ፣ እንባዬና ንፍጤ አንድ ሆነ። ግርማ ሳቀብኝ፣ እትዬ ብርቄም ሳቁ፣ እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅኩ። አባባ ቱፋ ግን አልሳቁም፤ ተቀበሉኝና "ኢንተላ ኮ፣ ነገ ትንሽ ፍም አድርጊበት፣ ቶሎ ይይዛል" አሉኝ። ኢንተላ ኮ ማለት በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚጠሩኝ።

ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ፣ ቀትር ላይ አንድ፣ ከአጠና ተራ ሲመለሱ አንድ፣ እሑድ እንግዳ ከመጣ ሌላ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ስስብ ይያዝ ነበር። በዓመቱ አሥር ጊዜም ካልሳብኩ አይያዝልኝም። ፍሙ ደካማ ነው እላለሁ፣ ትምባሆው ረጥቧል እላለሁ። ማድ ቤቱ በር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምለኩሰው፤ ለምን ጀርባ እንደምሰጥ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ቀን አባባ ቱፋ ቅሉን ሲቀበሉኝ ወደ ሸክላው ጎንበስ ብለው አዩና "ኢንተላ ኮ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ግማሹ አመድ ነው" አሉኝ። "ንፋሱ ነው አባባ" አልኳቸው። "ንፋሱ ነው" አሉ እሳቸውም።

በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነቴ ብዙ ነገር ይነግረኝ ነበር፣ የሚሰማው ጠፋ እንጂ። ጎህ ሲቀድ ማድ ቤት ገብቼ እሳት ሳነድ ሳሉ ይነሳብኛል፤ ሰው እንዳይሰማ ነጠላዬን አፌ ላይ እይዛለሁ። የማድ ቤት ጭስ ነው እላለሁ። ከቦኖ ውሃ ይዤ ዳገቱን ስወጣ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ፤ የሃምሳ ዓመት ሴቶች ያልፉኛል። ወጥ ስሠራ ጨው ጨምሬ እቀምሳለሁ፣ አልጣመኝም ብዬ እጨምራለሁ። "ይቺ ልጅ ባሕር ልታጠጣን ነው" ይላሉ እትዬ ብርቄ።

ከሁሉም የባሰው ግን ልጅ አልመጣልኝም። እትዬ ብርቄ ክፉ ሰው አይደሉም። ግርማ ብቸኛ ልጃቸው ነው፤ ከእሱ በፊት ሦስት ቀብረዋል። አንደኛው ዓመት ሲያልፍ ዝም አሉ። ሁለተኛው ሲያልፍ ስለ አንዲት የሆለታ ልጅ ማውራት ጀመሩ፤ የዘመድ ልጅ ናት፣ እጇ የተባረከ ነው ይላሉ። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ልብስ ሳሰጣ ለጎረቤታችን ሲነግሯት ሰማሁ።

"እስከ መስቀል ልያት" አሉ። "ከመስቀል በኋላ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ምን ላድርግ፣ እኔም አርጅቻለሁ።"

ለግርማ ነገርኩት። ሳንቃ እየላገ ነበር። መላጊያውን አቁሞ "እናቴ ናት" አለኝ። ከዚያ መላግ ቀጠለ። እኔም ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም። አገሬ ተመልሼ የምገባበት ቤት አልነበረኝም፤ እናቴ በዚያው ዓመት አርፋለች፣ መሬቱንም አጎቴ ይዞታል። ግርማንም እወደው ነበር። ይህን ለልጆቹ ስነግር ትንንሾቹ ሳቁብኝ።

ሐምሌ ላይ ነው። አባባ ቱፋ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ደብድቧቸው ገቡ። እንደ ወትሮው ለኩሼ ወሰድኩላቸው። ተቀበሉኝ፣ ግን አልሳቡም። ተነሱና ውሃውን ጌሾው ሥር ደፉት፣ ትምባሆውን አራገፉ፣ ቅሉን አጥበው መልሰው ሰጡኝ።

"የጎመን ዘር አስቀምጪበት" አሉኝ።

"ምን ሆኑ?" አሉ እትዬ ብርቄ።

"ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ድሬሰሩ ሳንባህ ጠቁሯል፣ በቃህ አለኝ።"

"አርባ ዓመት ያጨሱትን በአንድ ቀን?"

"ሳንባ ነው ብርቄ" አሉ።

እኔ ሳንባ የሚባል ነገር በግ ሲታረድ ካየሁት በቀር አላውቅም። ሰውም ውስጥ ያለ አልመሰለኝም ነበር። ደስም አለኝ፤ አንድ ሥራ ቀነሰልኝ።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ እጄ ጉጠቱን አነሳ። የምለኩሰው ነገር የለም። ፍሙን ይዤ ትንሽ ቆምኩና መለስኩት። ቀትር ላይም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ራሴን በገመድ ያሰሩት ያህል ወጠረኝ። እትዬ ብርቄ ጨው በዛ ሲሉኝ "እንግዲያውስ ራስዎ ይሥሩት" አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ማማሰያው እጄ ላይ ነበር። ራሴው ደንግጬ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ማልቀሱም አልቆም አለኝ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሆዴ ደረቀ፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ርሃብ ያዘኝ። የገብስ ቆሎ በኪሴ ይዤ ቀኑን ሙሉ አላምጣለሁ። ሽታ ሁሉ ተመለሰብኝ። በርበሬው፣ ላምባው፣ የጎረቤት አህያ፣ ያ የተላጠው ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም አንድ ላይ አፍንጫዬ ላይ ወደቀ።

እትዬ ብርቄ አልተቆጡኝም። በዓይናቸው ይከተሉኝ ነበር። አንድ ጠዋት ከውጭ ስመለስ አፌን ስጠርግ አገኙኝና ክንዴን ያዝ አድርገው "አበባሽን ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አሉኝ። ቆጠርኩ። አሥር ቀን አልፎኛል። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንስራ አታንሺ፣ ጎንበስ አትበይ፣ ወተት ጠጪ ሆነ። ለገንፎ የሚሆን ገብስ ማስፈተግ ጀመሩ። እኔም አመንኩ። ማመን ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ለልጆቹ መንገር አልቻልኩበትም። ጎረቤቶቻችን መንገድ ላይ ሆዴን እያዩ ይመርቁኝ ነበር።

በዚህ መሀል አባባ ቱፋም ጤና አልነበሩም። እሳቸውም ቆሎ በኪሳቸው ነው። ከአጠና ደንበኞቻቸው ጋር ይጣላሉ፣ ወዲያው ይቅርታ ይላሉ። ጎህ ሲቀድ እያሳላቸው ጥቁር አክታ ይተፋሉ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ እኔ ወጡን አሸትቼ ፊቴን አዞርኩ፤ እሳቸውም ያንኑ ጊዜ "ይሄ ቅቤ ምን ሆኗል?" ብለው ሳህኑን ገፉት። ግርማ ተራ በተራ አየንና "እማዬ፣ ምልክቱ ይሄ ከሆነ አባባም እርጉዝ ናቸው" አለ።

እትዬ ብርቄ በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አባባ ቱፋን አየኋቸው። አይስቁም፤ እንጀራቸውን ነበር የሚያዩት። ሳቄን አቆምኩ። ቆሎው፣ ራስ ምታቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቁጣው፤ በአንድ ሳምንት የጀመረን፣ አንድ ዓይነት። የእሳቸው ከምን እንደመጣ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የእኔስ?

ምሳው እንደተነሳ ወደ ማድ ቤቱ ጓሮ ሄድኩ። ቅሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የጎመኑን ዘር ቀሚሴ ላይ ገለበጥኩና ሸምበቆውን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳብኩ። የከረመ ውሃ ሽታ ብቻ ነው የመጣው። ግን ምራቄ ሞላ፣ ትከሻዬ ወረደ፣ ያ ገመድ ለቀቅ አለልኝ። ያኔ አወቅሁ።

"ባዶ ነው እኮ" አሉኝ አባባ ቱፋ ከኋላዬ።

ቅሉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። "ዘሩን ላናፍሰው ብዬ ነው" አልኩ።

"በአፍሽ?"

የተከመረው አጠና ላይ ተቀመጡና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ሰጡኝ። "እኔም ትናንት አሽትቼዋለሁ" አሉ። "ሐሙስም።"

አብረን አላመጥን። ካፊያ ጀምሮ ነበር።

"አባባ፣ እርጉዝ አይደለሁም" አልኳቸው።

"ይሆናል።"

"እትዬ ብርቄ ሲያውቁ ይሸኙኛል።"

"ድሬሰሩ የሚብሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው ብሎኛል" አሉ። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከቻልኩት አንቺም ትችያለሽ። ሲመጣብሽ ተነሺና ሂጂ፤ የትም ይሁን፣ ብቻ ሂጂ። ቁጭ ብለሽ አትጠብቂው።"

"ለእትዬ ብርቄስ ማን ይነግራቸዋል?"

"አንቺ። እኔ ብነግራት ከእኔ ጋር ተጣልታ ይቀራል። ከአንቺ አፍ ይሻላል።"

ያን ሳምንት መንገድ ጀመርኩ። አምሮቱ ሲመጣብኝ ነጠላዬን አጣፍቼ ብድግ እላለሁ። አንዴ እስከ ቦኖው፣ አንዴ እስከ ገበያው፤ አንድ ቀን ሳላውቀው ከከተማው መውጫ ሳንሱሲ ልደርስ ምንም አልቀረኝም። "እርጉዝ እንዲህ አትዞርም" ይሉኛል እትዬ ብርቄ። ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት መሰላችሁ። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ አልቋል።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች ሁሉ ዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ ሲጠመቁ፣ አበባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ መደበቂያ የለም። እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመው ዝናቡን በእጃቸው ተቀብለው ፊታቸውን ሲያብሱ ሄጄ ነገርኳቸው። እርጉዝ አለመሆኔን ነገርኳቸው። ከዚያ ጋያውንም ነገርኳቸው፤ አሥር ጊዜ መሳቤን፣ ጀርባ መስጠቴን፣ ባዶውን ቅል መሳቤን። አንዱን ከተናገሩ ሌላውን ማስቀረት ምን ይጠቅማል።

እጃቸው ከዝናቡ ሳይመለስ ቆዩ። "ራስሽን ያምሽ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እንቅልፍስ?"

"አይወስደኝም ነበር።"

"ቁጣ፣ ለቅሶ?"

"ያዩት ነው።"

ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። "አንቺ ስትመጪ፣ ጋያውን ላንቺ ያስረከብኩ ሰሞን፣ እኔም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር" አሉ። "ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ። አንድ ወር ሙሉ ዳማከሴ። በዚያ ወር ከቱፋ ጋር ያልተጣላሁበት ቀን አልነበረም።" ከዚያ እኔን ቀና ብለው አዩኝ። "ሃያ ዓመት እኔም አጭሼ ነው ማለት ነው?"

"እኔ እንጃ እትዬ።"

"ስለኩስ ነው እኮ።"

"እኔም ስለኩስ ነው።"

ገንፎውን በማግስቱ ሠርተው አቀረቡልኝ። "ገብሱ ይነቅዛል፣ ብዪ" አሉኝ። በላሁ። የገብሱ ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ከሁለት ዓመት በላይ ምግብ በምላሴ ሳይሆን በጥርሴ ብቻ ስበላ እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ።

መስቀል ደረሰ። ከሆለታ ዘመዶቻቸው መጡ፤ ነገሩን ሊያነሱት እንደመጡ ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። እኔ ማድ ቤት ሆኜ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። አንደኛዋ ሴትዮ "እንግዲህ ብርቄ፣ ያ የተባባልነው" ስትል እትዬ ብርቄ ጨርሳ እንድትናገር አልጠበቋትም።

"እሱ ይቅር" አሉ። "ልጅቷን ያሳመምኳት እኔ ነኝ። ሳትድን አልሸኛትም።"

መዳን አለመዳኔን ማን ይለካል? ኅዳር ሲገባ ዳገቱን ውሃ ይዤ አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ ወጣሁ። በገና ሰሞን ሳላርፍ። የጠዋቱ ሳል መጀመሪያ ባሰ፣ እንደ አባባ ቱፋ ጥቁር ጥቁሩን አስተፋኝ፣ ከዚያ ጠራ። ወፈርኩ፤ ቀሚሶቼ ሁሉ በጎናቸው ተለቀቁ። አምሮቱ ግን ዓመት ሙሉ ይመጣ ነበር፣ በተለይ ፍም ሳይ። በዓመቱ ጥቅምት ላይ የሜሮንን እናት ወለድኩ። ከጋያው ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። ያን ወጣት ሐኪም ጠይቄው "ሊሆን ይችላል" ብሎኛል። ሊሆን ይችላል ማለት ሐኪምም እንደኛ ነው ማለት ነው።

ልጆቹ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ ሜሮን "ሳንባዎ ንጹሕ ነው ብሏል እኮ" አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። አልተጨነቅኩም። ሐኪሙ ለቀረው ጉንፋን በእግርዎ ብዙ ይሂዱ ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ ያንን የታዘዝኩት ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። እስከ ዛሬ ነገር ሲከብደኝ ነጠላዬን አጣፍቼ እወጣለሁ። ቤተሰቡ እግሯ አያርፍም ይለኛል። ከምን እንደጀመረ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው የሚጎዳውን ነገር ሁልጊዜ በስሙ አያውቀውም፤ ሥራ ይለዋል፣ ወግ ይለዋል፣ መለኮስ ይለዋል። ልጆቹን ይህን ነው ያልኳቸው።

አንድ ነገር ቀርቷል። አባባ ቱፋ ያረፉት ጃንሆይ ከወረዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለቅሶው ላይ ያ ድሬሰር መጣ፤ ሸምግሎ ነበር፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። እኔን ማን እንደሆንኩ ጠየቀ፣ ምራታቸው ናት አሉት። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ሳንባቸው እንግዲህ ደህና አቆያቸው" አልኩት፣ ነገር ለማንሳት ያህል። "እርስዎ ጠቁሯል ካሏቸው በኋላ ስንት ዘመን ኖሩ።"

"የአቶ ቱፋን ሳንባ?" አለኝ። "አዳምጬው አላውቅም። ያኔ የመጡት ለራሳቸው አልነበረም። 'ምራቴ ጎህ ሲቀድ አፏን በነጠላ ይዛ ትስላለች፤ ጋያውን ከእጇ ሳላሳፍራት እንዴት ልውሰድ?' ብለው ነው የጠየቁኝ።"